የስም መዝገብ

ቀለሜ ሌሊቱን በረዶ ሆኖ አደረ፤
በትንፋሼ ባሞቀው ሟሟና ጠቆረ።
ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ደጄ ላይ ተኮልኩሎ፣
የገለባ ካባውን ከትከሻው ጥሎ፣
ተራውን ይጠብቃል፤ አዋጁ ደርሶታል፤
«ከስምህ አስቀድመህ የቤተሰብ ስም ያዝ» ብሎታል።

የሜጂ ዘመን ነው፣ ስምንተኛው ዓመት፤
ግንባችን ተሸጧል፣ ሆኗል የማገዶ እንጨት።
የጌታዬ ግዛት ተፍቆ ከካርታ፣
እሱም ቶኪዮ ገባ፣ ባለ ጡረታ ጌታ።
እኔ ናሩሚ ነኝ፤ ሁለት ሰይፍ ታጣቂ፤
ዛሬ ብሩሽ ይዤ የሰው ስም ጠያቂ።
ትናንት ስም እንደ ሰይፍ የኛ ብቻ ነበር፤
ከወገብ አይፈታ፣ ለባላገር አይቸር።
ዛሬ እንደ ጨው ሰፈርኩት፣ ለሁሉም እፍኝ እፍኝ፤
ለምን እዋሻለሁ? ስሰጥ ቅር አለኝ።

ሽማግሌው ዮሄጂ ከፊቴ ቁጭ አለ፤
እጁ በመረብ ገመድ የተተለተለ።
«ማን ልበል?» «ዮሄጂ።» «ሌላስ?» «ሌላ የለኝ፤
ባሕሩም በዚህ ነው ሁልጊዜ የሚያውቀኝ።
ማዕበል ሰው ሲወስድ ሁለት ስም አይጠራም፤
በአንዱም የሄደ ሰው ተመልሶ አይመጣም።»
ቤቱን ብጠይቀው፣ «ከጥዱ ሥር» አለኝ፤
ብሩሼን አጠቀስኩ፣ ስሙ እዚያው ተገኘኝ፤
ማትሱኔ ብዬ ጻፍኩት፣ የጥድ ሥር ማለት ነው፤
ወረቀቱን አዙሬ፣ «ይኸውልህ» አልኩት፣ «አንተ ነው።»
ቀለሙ ሳይደርቅ በጣቱ ዳሰሰ፤
«መረብ ይመስላል» አለ፤ ስቆ ተመለሰ።

ኦሺኖ መጣች ደግሞ፣ ባሏ በባሕር የቀረ፤
ልጇ ከኋላዋ፣ በሬን ጎንበስ ብሎ የተሻገረ።
«እባክህ» አለችኝ፣ «የሚጠፋ ስም ስጠው፤
ወታደር ቆጣሪ ሲመጣ ፈልጎ የማያገኘው።»
ሳቅሁባት። ደግሞም አፈርኩ። ፊደል ያልቆጠረች
ሴት መዝገቤን ከኔ ቀድማ አነበበች።
ሃያሴ ብዬ ጻፍኩት፤ ፈጣን ጅረት ማለት፤
ይሮጥ ይሆናል ብዬ፣ ካለ የሚያመልጥበት።

አላመለጠም። በሁለተኛው ዓመት፣ በደቡብ ጦርነት፣
እሱ ቀርቶ ስሙ መጣ፣ ባንድ ቀጭን ወረቀት።
«ስም ከመቃብር በላይ ነው» ይባላል፤ ልክ ነው፤
ኦሺኖ የጠየቀችኝ ግን መቃብሩን ነው።

ድሮ «አገርህ ወዴት ነው?» ብትለው ዮሄጂን፣
ባገጩ ያሳይህ ነበር ወንዙንና ጉብታውን።
ከጉብታው ማዶ ያለው ባዳ ነው፣ ሌላ ሰው፤
ጨው የሚሸጥልን፣ ልጅ የማንሰጠው።
አሁን የልጅ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፤
ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል።
«አገርህን አሳይ!» አለው መምህሩ፤
መዳፉን ዘርግቶ ከሰሜን እስከ ደቡብ ዳሩ
ሸፈነውና «ይሄ ነው» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ፤
የኛ መንደር ከአውራ ጣቱ ሥር ተደብቆ፣ ጠፍቶ።

ሕገ መንግሥት ታወጀ ተባለ፤ በረዶ በጣለ ቀን፤
ምን እንደሚል ሳናውቅ ፋኖስ ሰቀልን።
ንጉሠ ነገሥቱ ከላይ ያወረደው ስጦታ!
ዮሄጂ «ግብር ይቀንሳል?» ብሎ ጠየቀኝ ማታ።
አላውቅም አልኩት።
                    ምርጫ መጣ በዓመቱ፤
አሥራ አምስት የን ግብር ለከፈለ ነው መብቱ።
ከመንደሩ አንድ ሰው ተገኘ፣ የሳኬ ጠማቂው፤
አዲስ ካልሲ አጥልቆ መጣ። የሣጥኑ ጠባቂው
እኔ ነበርኩ። ስሙን ጽፎ ሲከት አየሁት በዓይኔ፤
ሺህ ስም ጽፌያለሁ፤ ከመራጮች ውስጥ የለሁም እኔ።

ትናንት ማታ መዝገቡን ከሣጥን አወጣሁት፤
ምስጥ ጫፉን በልቶታል፤ ቀስ ብዬ ገለጥኩት።
ማትሱኔ በሚለው ላይ፣ ቀለሙ ተጎትቶ፣
የአንድ ጣት ምልክት አለ፣ እንደ ጅራት ወጥቶ።
ወደ ቶኪዮ በላክሁት ግልባጭ ላይ አልገባም፤
እዚህ ግን አለ። ባየው ባየው…
መረብ ያለው ሰውዬ አልተሳሳተም።